ዋጋ ሲጨምር፣ ሲስተም ሲቆም፦ ደንበኛችሁ ወሬውን ከእናንተ እንዲሰማ

ጅማ ውስጥ ለሱቆች፣ ለፋርማሲዎችና ለቡና አቅራቢዎች የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር ሠርተን በወር ክፍያ እናከራያለን። አራት ነን። ይህን የምጽፈው እንደኛ በትንሽ አቅም የቴክኖሎጂ ሥራ ለጀመራችሁ ነው። ኮምፒዩተር ለምትጠግኑ፣ ካሜራ ለምትገጥሙ፣ ድረ ገጽና አፕ ለምትሠሩ። ሙያውን ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን የምንወድቀው ሌላ ቦታ ነው። ስለ ሥራችን አንድ ነገር እንወስንና ለደንበኛው የምንነግርበት መንገድ ያበላሸናል።

እኛን የደረሰብን እንዲህ ነው። ሐምሌ 22፣ 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ዶላሩ በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። እኛ ደግሞ ዳታ የምናስቀምጥበትን ሰርቨር የምንከራየው በዶላር ነው። ስለዚህ ወርሃዊ ክፍያውን ከ500 ወደ 800 ብር ለማድረግ ወሰንን። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ባንጨምር ኖሮ እንዘጋ ነበር። ያሳወቅነው ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ በቴሌግራም ቻናላችን፣ በአንድ መስመር ነው፦ «ከነገ ጀምሮ 800 ብር»።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ እረፍት አጣ። ከሁሉም የማልረሳው እዚሁ ጅማ መርካቶ የጅምላ ሸቀጥ የሚሸጡ፣ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ያሉኝን ነው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሦስት መቶ ብር አያጣላንም» አሉኝ። «እኔ ግን የሰማሁት ከጎረቤቴ ነው። ቴሌግራም እንደሌለኝ አንተ ታውቃለህ።»

በዚያ ወር ስድስት ደንበኛ ለቀቀን። ሁለቱን ሄጄ አናግሬያቸዋለሁ፣ ስለ ዋጋው አንድም ነገር አላነሱም። «እንዴት እንደዚህ ታደርጉናላችሁ?» ነበር ጥያቄያቸው። ከዚያ ወዲህ የምንሠራበት አካሄድ ከታች ያለው ነው።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚጠቀም ለዩ

ደብተር ላይም ይሁን ኤክሴል ላይ የደንበኞቻችሁን ዝርዝር ጻፉ። ስምና ስልክ ብቻ አይበቃም። ከእያንዳንዱ ሱቅ ጀርባ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ። ባለቤቱ ይከፍላል፣ ካሸሯ ቀኑን ሙሉ ትጠቀማለች። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ወር ሲያልቅ ብቻ ብቅ የሚል የሂሳብ ሠራተኛ አለ። ዋጋ ለባለቤቱ ይነገራል። «ይህ ቁልፍ ከዚህ ወደዚያ ሄዷል» የሚለው ለካሸሯ ነው። ሪፖርት ላይ የሚመጣ ለውጥ የሂሳብ ሠራተኛውን ነው የሚነካው። ሁሉንም ለሁሉም ስትልኩ ማንም አያነበውም፤ ዋናው ነገር ሲመጣ ደግሞ ከማይነበበው ጋር አብሮ ይታለፋል።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ነገር ጨምሩ። ስማርት ስልክ ነው ወይስ ተራ ስልክ የያዘው? በየትኛው ሰዓት ነው ነፃ የሚሆነው? በምን ቋንቋ ነው ማንበብ የሚቀለው?

የመጨረሻው ላይ ጅማ ውስጥ ሥራ የምትሠሩ ሰዎች ቆም ብላችሁ አስቡ። እዚህ አብዛኛው ነጋዴ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ሁለቱንም እያቀላቀለ ያወራል። በአማርኛ ስላወራኝ አማርኛ ማንበብ ይቀለዋል ማለት ግን አይደለም። ብዙ ወጣት ካሸሮች የተማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የተጻፈ ነገር በአንድ ዓይን ያነቡታል፤ የአማርኛውን ግን ፊደል እየቆጠሩ ነው የሚወጡት። አንዲት ካሸር ለስድስት ወር ያህል መልዕክቶቻችንን ጎረቤት ሱቅ ላለ ልጅ እያስነበበች እንደነበር በኋላ ነው የሰማነው። አላፈረችም፤ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው። አሁን ሁሉንም መልዕክት በሁለቱም እንልካለን፣ አፋን ኦሮሞውን ደግሞ የሚጽፈው ቋንቋው አፉን የፈታበት የሥራ ባልደረባችን ነው። የትርጉም አፕ ያወጣውን እንዳለ አትላኩ። ደንበኛው አንድ መስመር ሳይጨርስ ይለየዋል።

ደረጃ 2፦ ውሳኔውን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ጨርሱ

ለደንበኛ ከመናገራችሁ በፊት አራት ጥያቄ በወረቀት መልሱ። ምን ወሰንን? ለምን? ማንን አይመለከትም? የማይለወጠው ምንድን ነው? መልሱ ከግማሽ ገጽ ከበለጠ ውሳኔው ገና አልበሰለም ማለት ነው፣ ተመለሱና ተነጋገሩበት።

ከዚያ ወረቀቱን ሁሉም ሠራተኛ ያንብበው። በተለይ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የሚጠግነው ልጅ። ደንበኛው በደንብ የሚያውቀው እሱን ነው፣ የሚጠይቀውም እሱን ነው። የኛው ልጅ በዚያ ሐምሌ አንድ ሱቅ ገብቶ፣ ባለቤቷ ተጨንቀው ሲያያቸው አዘነና «ለእርስዎ አይጨምርም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። ከልቡ ነው። ግን መርካቶ ሱቆቹ ግድግዳ ይጋራሉ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በመስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ «ለእሷ ያልጨመረ ለእኔ ለምን?» እያሉ ደወሉ።

ስለዚህ ቅናሽ ካለ ደንቡን ጻፉት፣ ለሁሉም አሳዩት። «ስድስት ወር ቀድሞ የከፈለ በድሮው ዋጋ ይቀጥላል» ደንብ ነው። ማንም መጥቶ ሊጠቀምበት ይችላል። በጆሮ የተነገረ ቅናሽ ግን በሌላው ደንበኛ ላይ የተፈጸመ በደል ሆኖ ነው የሚቆጠረው፣ ደንበኛውም ቢቆጥረው አልፈርድበትም።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ምረጡ

መልካም መልዕክት በመጥፎ ቀን ከደረሰ ዋጋ የለውም። የጅማ ገንዘብ ከቡና ጋር ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ይለቀማል፣ ይሸጣል፣ ብር ከገጠር ወደ ከተማ ይገባል፣ ከቡና አቅራቢው አልፎ ጨርቅ ሻጩም፣ ቆርቆሮ ሻጩም፣ ስልክ ሻጩም ይደርሰዋል። በክረምት ደግሞ እጅ ያጥራል። ዝናቡ ይከብዳል፣ መብራትም ይጠፋል። እኛ ዋጋ የጨመርነው ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ እጁ ባጠረበት ወቅት ነበር። ያኔ ምንዛሪው አጣደፈን። ምርጫ ካላችሁ ግን ጭማሪን ለኅዳርና ለታኅሣሥ አቆዩት። የዓመት ክፍያ የሚሰበስብ ካለም የመክፈያ ወሩን ወደዚያው አምጡት።

ሳምንቱም የራሱ ፀባይ አለው። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ በዚያ ቀን ሶፍትዌር አታድሱ፣ ለባለቤቱም ረጅም ነገር ለማስረዳት አትሞክሩ። ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት በፊትና በሰዓቱ አትደውሉ። በረመዳን ቀን ላይ ከመደወል ከኢፍጣር በኋላ መደወል ይሻላል፣ ያኔ ሰው ረጋ ይላል። ዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ፎቶ ኮፒና ካፌ ያላቸው ደንበኞች ደግሞ ተማሪ ሲወጣ ሥራቸው ይቀዘቅዛል፤ ለእነሱ ያ ጊዜ ለሥልጠና ጥሩ ነው፣ ለጭማሪ ግን መጥፎ ነው።

እድሳት ካለን ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ እንሠራለን። ከሁለት ቀን በፊት እናሳውቃለን።

ደረጃ 4፦ መልዕክቱን ጻፉ

ብዙ ድርጅት የሚልከው እንዲህ ያለ ነው፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ የአገልግሎታችንን ጥራት ይበልጥ ለማሳደግ ስንል የታሪፍ ማስተካከያ ማድረጋችንን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።»

ይህን ያነበበ ሰው ስንት እንደሚከፍል አያውቅም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም አያውቅም። «ማስተካከያ» ማለት ጭማሪ መሆኑን ግን ሕፃንም ያውቃል፤ ስለዚህ ከመልዕክቱ የሚቀርለት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የሆነ ነገር እየሸፈናችሁ እንደሆነ።

እኛ ለሁለተኛ ጊዜ ስንጨምር የላክነው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልን። ከየካቲት 1 ጀምሮ ወርሃዊ ክፍያው ከ800 ወደ 950 ብር ይጨምራል። የታኅሣሥና የጥር ክፍያ አይነካም። የጨመርነው የሰርቨር ኪራይ በዶላር ስለሚከፈልና ስለተወደደብን ነው። ከየካቲት በፊት የስድስት ወር የሚከፍል በ800 ብር ይቀጥላል። አሁን እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ነገር የለም። ጥያቄ ካለዎት በዚህ ቁጥር ይደውሉ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 1 ሰዓት እናነሳለን።»

ቅደም ተከተሉን እዩት። መጀመሪያ የሚለወጠው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት። ከዚያ የማይለወጠው። ከዚያ ምክንያቱ። ከዚያ ያለው አማራጭ። ከዚያ ደንበኛው ምን ማድረግ እንዳለበት፤ ምንም ከሌለም «ምንም የለም» ብላችሁ ጻፉ፣ ምክንያቱም ያልተጻፈለት ሰው «አሁን ሄጄ የምሞላው ፎርም አለ እንዴ?» ብሎ ይጨነቃል። መጨረሻ ላይ ስልክና ሰዓት። ምክንያቱን ከፊት አታምጡት። ሦስት መስመር ምክንያት አንብቦ ቁጥሩ ጋ የሚደርስ ሰው በንዴት ነው የሚደርሰው።

«እርስዎ» በሉ። ካሸሯ እህታችሁን ብታክልም፣ የመሥሪያ ቤት መልዕክት ነውና። በስልክና በአካል ስትገናኙ እንደ ቅርበታችሁ «አንቺ» ማለት ይቻላል።

ከመላካችሁ በፊት ሥራውን ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። እኛ ቢሯችን በር ላይ ሻይ ለምትሸጥ ልጅ እናነብላታለን። «ከመቼ ጀምሮ? ስንት?» ብለን እንጠይቃታለን። ካልመለሰች መልዕክቱ ይታደሳል።

ደረጃ 5፦ ዋጋ ስትጨምሩ

ይህን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው።

በትልልቆቹም ደርሷል። ዩኒቲ የተባለው፣ የጌም ሠሪዎች መሥሪያ ሶፍትዌር ያለው ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12፣ 2023 አዲስ ክፍያ አወጀ። ገቢውና የተጫነበት ብዛት ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ጌም አንድ ሰው ስልኩ ላይ በጫነው ቁጥር ሠሪው ለኩባንያው እንዲከፍል የሚል ነበር። የሚጀምረው ከጥር 1፣ 2024 ነው። ደንበኞቹን በጣም ያስቆጣው ቀድሞ የወጡ ጌሞችም መካተታቸው ነው። ሰው በአንድ ውል ተማምኖ ለዓመታት የሠራውን ሥራ በሌላ ውል ሊያስከፍሉት መጡ። ኩባንያው በአሥር ቀን ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ እቅዱን አለዘበ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በወሩ ከኃላፊነት ወረደ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ክፍያውን ጨርሶ ሰረዘው። መሰረዙም ሄደው ሌላ መሣሪያ የተማሩትን ሁሉ አልመለሰለትም።

ከዚህ ለኛ የሚጠቅመን ነገር ቀላል ነው። የተከፈለበትን ወር፣ የተፈረመበትን ውል፣ የተሰጠ ቃልን አትንኩ። ጭማሪ ወደፊት ብቻ ይሂድ።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን። ለውጡ ከመጀመሩ ቢያንስ ከ45 ቀን በፊት ጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የቆዩትንና ብዙ የሚከፍሉትን፣ እንዲሁም ሌላው የሚሰማቸውን ሰዎች በአካል አናግሩ። በየሰፈሩ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለ። እሱ «አዎ፣ መጥተው ነግረውኛል» ካለ ጎረቤቶቹ ይረጋጋሉ። በሁለተኛው ሳምንት ለቀሩት ደውሉ። ስልክ ከተደወለ በኋላ ነው ጽሑፉ የሚላከው። ጽሑፉ የሚያስፈልገው የተነጋገራችሁት እንዳይረሳ ነው።

ሁለተኛውን ጭማሪ ስንጀምር መጀመሪያ የሄድነው ሐጂ ጋ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነበር፣ ልጃቸው ኬሻ ስኳር ያወርዳል። «አካም ቡልተን» አልኳቸው፣ እንዴት አደሩ ማለት ነው። አስቀመጡኝ፣ ሻይ መጣ። ነገሩን ተናገርኩ። ብርጭቆውን በሁለት ጣት ይዘው ዝም ብለው ሰሙኝ።

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ከሁለት ወር በኋላ ሐጂ።»

«እሺ» አሉ። «ስድስት ወር ብከፍልስ?»

«በድሮው ይቀጥላል።»

ልጃቸውን ጠሩት፣ እዚያው በቴሌብር ከፈለ። ሻዬን ሳልጨርስ ነው ሁሉም ያለቀው።

የሚለቅ ሰው ይኖራል፤ አትለምኑ፣ አታስፈራሩ። ዳታውን ስጡት። የሽያጭ ታሪኩን፣ የዕቃ ዝርዝሩን፣ የዱቤ ደብተሩን በኤክሴል አውጥታችሁ በፍላሽ አስረክቡት። ሳይከፍል የቆየ ዕዳ ቢኖር እንኳ በዳታው አታግቱት። ዳታው የሱ ነው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ያሉበትን ግዴታዎች በሕግ አስቀምጧል፣ በተለይ ፋርማሲን የመሰለ የታካሚ ስም የሚያልፍበት ደንበኛ ካላችሁ አግኝታችሁ አንብቡት። ከለቀቁት ስድስት ደንበኞች ሁለቱ ተመልሰዋል። ሁለቱም ያነሱት ያንን ፍላሽ ነው።

ደረጃ 6፦ ሲስተም ሲቆም

«ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ስንቴ ሰምተነዋል? ባንክ ተሰልፈን፣ ትኬት ልንቆርጥ ሄደን። መስኮቱ ኋላ ያለው ሰው ይህን ብሎ ፊቱን ያዞራል። መቼ እንደሚመለስ አይነግረንም፣ እንጠብቅ ወይ እንሂድ አይለንም። እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ይህን ቃል ለደንበኛችን ላለማለት መማል አለብን።

አንድ ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የኛ ሰርቨር ቆመ። አንድ ፋርማሲ ውስጥ አሥር ያህል ሰው ተሰልፏል። ፋርማሲስቷ ደወለችልን፣ የሁላችንም ስልክ ተይዟል፤ ለምን ቢባል አራታችንም ስህተቱን እየፈለግን እርስ በርስ እንደዋወላለን። ለ40 ደቂቃ ያህል ማንም አላነሳላትም። አንዲት እናት የልጃቸውን መድኃኒት ዋጋ ለማወቅ ቆመው ጠበቁ። ዋጋው ያለው ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው። በመጨረሻ ፋርማሲስቷ በግምት ሸጠችላቸው፣ ጉድለቱን ከራሷ ኪስ ሞላች። ያንን ከነገረችኝ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን እንዲህ እናደርጋለን።

ከአራታችን አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይጠግናል። ለሚጠግነው ማንም አይደውልለትም። የሚናገረው ደግሞ ኮዱን አይነካም።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያው ቃል ይወጣል፣ ምክንያቱን ባናውቅም። ሦስት ነገር ብቻ፦ ምን እንደቆመ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ መቼ እንደምንናገር። «ሽያጭ መመዝገብ ቆሟል። የዋጋ ዝርዝሩ ስልካችሁ ላይ ይታያል። ምክንያቱን እየፈለግን ነው። 4፡30 ላይ እንደገና እንጽፋለን።» በ4፡30 ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «ገና ነው፣ 5 ሰዓት ላይ እንመለሳለን» ብላችሁ ጻፉ። «በአሥር ደቂቃ ይስተካከላል» አትበሉ፣ አታውቁትም። የምትናገሩበትን ሰዓት ግን ታውቃላችሁ፣ እሱ በእጃችሁ ነው። ቃላችሁን በዚያ ጠብቁ።

«ኔትዎርክ ነው» ብላችሁ በሌላ አታሳብቡ፣ አጣርታችሁ ካልሆነ በቀር። ጎረቤት ሱቅ ቪዲዮ እያየ ከሆነ በደቂቃ ውስጥ ትጋለጣላችሁ።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ በእጅ መመዝገቢያ ደብተርና የታተመ የዋጋ ዝርዝር ካዝናው አጠገብ አኑሩ፣ ዝርዝሩን በየወሩ አድሱ። መብራት ሲጠፋም ያገለግላል። ሲስተሙ ሲመለስ በደብተር የተጻፈውን አብራችሁ አስገቡ፤ ካሸሯ ብቻዋን አትምሽበት።

ሲያልቅ ደግሞ የሆነውን ጻፉ። ጊትላብ የተባለው፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. ጥር 31፣ 2017 ማታ አንድ ባለሙያው በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ነው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው ሲያቆመው የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። መጠባበቂያ ብለው የያዟቸው ዘዴዎች ሲፈተሹ አልሠሩም፤ ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። ጊትላብ ይህን አልሸፈነም። ማንም ሊያነበው በሚችል ሰነድ ላይ እያንዳንዱን እርምጃ ጻፈ፣ ጥገናውንም በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ። የስድስት ሰዓት ያህል ሥራ ለዘለዓለም ጠፍቷል፣ ያንንም በግልጽ ተናገረ። በባለሙያው ላይ ጣት አልቀሰሩም፣ የአሠራሩን ክፍተት ነው የዘረዘሩት። ብዙ ሰው አብሯቸው ቆመ።

እኛ ለፋርማሲዋ የጻፍነው ግማሽ ገጽ ነው። ዲስኩ ሞልቶ እንደነበር፣ ማስጠንቀቂያውን አይተን እንዳለፍነው፣ አሁን በየቀኑ ማን እንደሚያየው። ከኪሷ የሞላችውንም ከወሩ ክፍያ ላይ ቀነስን።

ደረጃ 7፦ አዲስ ነገር ሲመጣ አትቸኩሉ

ኦዝቦርን የሚባል የኮምፒዩተር ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ተሸክመውት የሚሄዱትን ኮምፒዩተር በ1,795 ዶላር አወጣ፣ ገበያው ደራለት። በ1983 መጀመሪያ ላይ የተሻለ ሞዴል እየመጣ መሆኑ ገና ሳይደርስ ተወራ። ገዢው «ልጠብቅ» አለ። የድሮው መጋዘን ውስጥ ቀረ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኩባንያው ከሰረ። ሌላም ምክንያት ነበረው የሚሉ አሉ፣ ቢሆንም የሚጠብቅ ደንበኛ እንደማይገዛ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ለቡና አቅራቢዎች የስልክ አፕ እየሠራን ነው ብለን ቀድመን አወራን፣ ሊፈርሙ የነበሩ ሦስት ሰዎች «እሱ ሲደርስ» ብለው ተዉት። አፕ ደግሞ በተባለበት ቀን አይደርስም።

እጃችሁ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ሱቅ ውስጥ ለአንድ ወር ሠርቶ ሲታይ ያን ጊዜ ተናገሩ።

ደረጃ 8፦ አሮጌውን ስታቆሙ

ማቆምም ሥራ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4፣ 2018 እንደሚያቆም ከዓመታት በፊት ተናግሮ ነበር። የኛ ደንበኞች ግን አልሰሙም፣ ያለባቸው ኮምፒዩተር ምን እንደሆነም ብዙዎቹ አያውቁም። እየዞርን አንድ በአንድ አየን፣ ለእያንዳንዱ «ይህ ማሽን ወደ 11 ይሸጋገራል፣ ይህኛው አይችልም፣ ያሉት አማራጮች እነዚህ ናቸው» ብለን በወረቀት ሰጠን። አዲስ ኮምፒዩተር ለመሸጥ አላስፈራራንም። ማሽኑ በማግስቱ እንደማይቆም፣ የደህንነት ጥገናው ግን እንደማይመጣለት በግልጽ ነገርናቸው።

የራሳችሁን አገልግሎት ስታቆሙም ይኸው ነው። የመጨረሻውን ቀን፣ ዳታቸውን የሚያወጡበትን መንገድና ቀጥሎ የት እንደሚሄዱ ንገሯቸው፤ ከተፎካካሪያችሁ ጋ ቢሆንም።

ደረጃ 9፦ ከተናገራችሁ በኋላ ዙሩ

መልዕክት ስለተላከ ደርሷል ማለት አይደለም። እኛ በላክን በሦስተኛው ቀን ከዝርዝሩ ላይ አሥር ስም እንመርጣለን፣ ከቴሌግራሙ ያላነበቡትን እናስቀድማለን። ረቡዕ ከሰዓት፣ ገበያው ሳይሟሟቅ፣ ሁለት ሆነን በእግር እንወጣለን። «ደረሰዎት?» አንልም፣ ሰው በይሉኝታ «አዎ» ይላል። «ከየካቲት ጀምሮ ስንት እንደሚሆን ያውቃሉ?» ነው የምንለው። ሁለት ሰው ከተሳሳተ መልዕክቱን እንደገና እንጽፋለን።

የሚሉትን በራሳቸው ቃል ደብተር ላይ እንጽፋለን፣ «ደንበኛው ቅሬታ አቅርቧል» ብለን አናሳጥረውም። ቀኑን፣ ማን እንደሚመልስለት፣ እስከ መቼ እንደሚመልስ ከጎኑ እናሰፍራለን። ዓርብ ከሰዓት ደብተሩን አራታችንም ከፍተን እናያለን፣ ያልተመለሰ ካለ ያኔውኑ ይደወላል። ስልኩ ካልተነሳ ከመግሪብ በኋላ እንሞክራለን።